ሰሌዳው እንግሊዝኛ ዐወቀ፤ ልጁስ መቼ ይወቅ?

ከጳውሎስ ሆስፒታል ተነሥቶ በዊንጌት በኩል ወደ አስኮ የሚሄድ ሰው ግራና ቀኙን እየተመለከተ ቢጓዝ፥ የሰፈሩ ሕዝብ ሁሉ እንግሊዝኛን ተምሮ የጨረሰ ይመስለዋል። ጠጕር አስተካካዩ፥ ልብስ ሰፊው፥ የጥርስ ሐኪሙ፥ የሕፃናት መዋያው ሳይቀር ስሙን በላቲን ፊደል አጽፎ ሰቅሏል። ልጆቹ ገና ሀሁን ሳይለዩ የሚውሉበት ግቢ «ኢንተርናሽናል አካዳሚ» ተብሎ ተሰይሟል። በዚያው መንገድ ዳር ደብተሩን በብብቱ ይዞ የሚያልፈውን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አቁመው ሰሌዳው ምን እንደሚል ቢጠይቁት ግን፥ ቃሉን ያነብብልዎታል እንጂ ስለዚያው ቃል ከራሱ አእምሮ ያፈለቀውን ሁለት ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ አሳክቶ ለመናገር ይጨነቃል። ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ቋንቋ ተምሯል፤ ቢያንስ በመርሐ ግብሩ ላይ እንደ ተማረ ተጽፎለታል።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። የማን እንደ ሆነ መናገር ደግሞ ማንንም ለማስቀየም ሳይሆን፥ ይህን መጽሔት የሚያነብቡት ሹማምንትና መምህራን በእጃቸው ያለውን ነገር እንዲያዩት ለማሳሰብ ነው። «እንግሊዝኛ የዓለም በር ነው» ሲባል ከሕፃንነታችን ጀምረን ሰምተናል። ነገሩ እውነት ስለ ሆነ የሚከራከር ሰው እምብዛም አይገኝም። ሳይጠየቅ የኖረው በሩን ማን ይከፍተዋል የሚለው ነው። ሰሌዳ አይከፍተውም፤ ቴሌቪዥን አይከፍተውም፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጥ የሚል ደንብም ብቻውን አይከፍተውም። የሚከፍተው አስተማሪው ነው፤ አስተማሪው ራሱ ያልገባበትን በር ደግሞ ለተማሪው ሊከፍት ከቶ አይቻለውም። እኛ ግን ገንዘባችንንና ትዕግሥታችንን ከአስተማሪው በቀር ለሌላው ሁሉ አውጥተናል።

ነገሩ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ከግብጽ በመጡ መምህራን ሲያስጀምሩ፥ የዘመኑ የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። የምድር ባቡሩም፥ የዲፕሎማቱም፥ የጋዜጣውም ቋንቋ እርሱ ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛንና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን አስተማረ። ከጠላት ወረራ በኋላ ግን፥ ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ፥ ሚዛኑ ወደ እንግሊዝኛ አዘነበለ። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1946 ደግሞ በብሪቲሽ ካውንስል የሚተዳደር አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚሁ ወደ አስኮ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ተከፈተ፤ ስሙም ከአርበኞቻችን ጋር በዘመተው እንግሊዛዊ መኰንን ስም ጄኔራል ዊንጌት ተባለ። እንግሊዛውያን መምህራኑ ከሄዱ ብዙ ዘመን ሆነ። ስሙ ግን የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል፤ የታክሲው ረዳት በየማለዳው «ዊንጌት! አስኮ!» እያለ ሲጣራ፥ በዚያ ግቢ አንድ ጊዜ ምን ዓይነት እንግሊዝኛ ይነገር እንደ ነበረ የሚያስብ ሰው ያለ አይመስልም።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን በዚያ ግቢ ተምሯል። በእንግሊዝኛ የጻፈው ተውኔት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመ፤ ይኸው ሰው ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ መለሳቸው። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበልልኝ። ጸጋዬን እንግሊዝኛ ከአማርኛ አላራቀውም፤ እንዲያውም ከእንግሊዝኛ የወሰደውን ሁሉ ወደ አማርኛ መድረክ አመጣው። ከእርሱም በፊት ከበደ ሚካኤል ሮሜዎና ዡልዬትን አምጥተውልናል። የእንግሊዝኛ ትምህርት በትክክል ሲሰጥ የሚያፈራው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

እንግሊዝኛን የሚቃወሙ ወገኖች አሉ፤ ክርክራቸውም በንቀት የሚታለፍ አይደለም። «በቅኝ ግዛት ያልተያዝን ሕዝብ ሆነን ሳለ የቅኝ ገዥን ቋንቋ የትምህርታችን ጌታ አድርገን መሾማችን ምን ይባላል?» ይላሉ። ለዚህ መልስ የሚሆን የአንድ ሰው ታሪክ አለ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ሕፃን ሳሉ ተወስደው በህንድ አገር አደጉ፤ ስማቸው ተለወጠ፤ አማርኛቸው ጠፋ። በላሆር ሕክምና ተምረው፥ በበርማ አገልግለው፥ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ዘመዶቻቸውን በአስተርጓሚ አነጋገሩ። እንግሊዝኛን ያህል በግፍ የተጫነባቸው ነገር አልነበረም። ነገር ግን ያንኑ ቋንቋ ይዘው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የበላይ ሆኑ። ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ስለ ወገናቸው የተሟገቱት በዚያው በግፍ ባገኙት ቋንቋ ነው። በዚያው ዓመት፥ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በሰኔ 30 ቀን 1936፥ ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ፈረንሳይኛ እያወቁ በአማርኛ ተናገሩ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። የአገር ክብር በሚነገርበት አደባባይ የራስ ቋንቋ ያስፈልጋል፤ ሰሚውን ለማሳመን ከቤት ወደ ቤት በሚዞሩበት ጊዜ ደግሞ የሰሚው ቋንቋ ያስፈልጋል። ቋንቋን ክፉ ወይም በጎ የሚያደርገው የሚይዘው ሰው ነው ለማለት ይቻላል፤ መሣሪያ በፈረንጅ እጅ ስለ ተሠራ ብቻ ዐድዋ ላይ አልጣልነውም።

አሁን ከአስኮ ጥቂት ወደ ምዕራብ እንሂድ። አስኮ የአምቦ መንገድ መነሻ ነው፤ ቡራዩን፥ ሆለታን፥ አዲስ ዓለምን አልፎ የሚሄደው መንገድ ወደ ወሎንኮሚ ያደርሳል። በዚያ ቀበሌ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1950 ገቢሳ ኤጄታ የሚባል ልጅ ተወለደ። አንደኛ ደረጃ ትምህርቱን ለመከታተል በየሳምንቱ እሑድ ማታ 20 ኪሎ ሜትር በእግሩ እየተጓዘ ወደ ጎረቤት ከተማ ይሄድ፥ ዓርብም ይመለስ ነበር። ከዚያ ጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ገባ፤ ቀጥሎ ከአሜሪካ ከኦክላሆማ በመጡ መምህራን እርዳታ ወደ ተቋቋመው የዓለማያ ኮሌጅ አለፈ። በመጨረሻም ፑርዱ ከሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ አገኘ። አቀንጭራ የሚባለውን የማሽላ ጠላት የሚቋቋም ዘር በማውጣቱ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ። በቤቱ ኦሮምኛ ይናገር የነበረ የገበሬ ልጅ ከሱዳን እስከ ምዕራብ አፍሪካ ያለውን ማሽላ ዘሪ ሁሉ የጠቀመው፥ በጅማና በዓለማያ ባገኘው እንግሊዝኛ አማካይነት መጻሕፍቱን ለማንበብና ከሌሎች ጠበብት ጋር ለመወያየት ስለ ቻለ ነው። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ቋንቋውን የሚያውቁ መምህራን ባይኖሩ ኖሮ ያ ሁሉ የእሑድ ማታ ጉዞ ከንቱ ይቀር እንደ ነበረ አይጠረጠርም።

የዶክተር አክሊሉ ለማም ነገር እንዲሁ ነው። እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፥ ከእነርሱ በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከተ። ቢልሃርዝያ የሚባለውን በሽታ የሚያመላልሱት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች መሆናቸውን ያውቅ ነበርና፥ ነገሩን መረመረ፤ በእንግሊዝኛም ጽፎ ለዓለም አሰማ። በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ከባልደረባው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ተቀበለ። እንዶድን እናቶቻችን ከጥንት ጀምረው ያውቁታል። ዕውቀቱ የእኛ ነበር፤ የጎደለው ለዓለም የሚያስረዳልን ሰው ነበር። ስንት ሌላ እንዶድ በየጓሯችን ተናጋሪ አጥቶ እንደ ተቀመጠ ማን ያውቃል?

ስለ ተማሪው ይህን ያህል ካልን ስለ አስተማሪው ደግሞ እንናገር፤ ክርክራችን በእርሱ ላይ ነውና። እንግሊዝኛ ለአስተማሪ ምን ዓይነት ዕድል እንደሚከፍት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አያሌ የህንድ መምህራን ከአገራቸው ተነሥተው በየክፍለ ሀገሩ፥ መኪና በጭንቅ በሚደርስበት ከተማ ሳይቀር፥ ሒሳብና ፊዚክስ ሲያስተምሩ የኖሩት በምን ኀይል ነበር? በእንግሊዝኛ ኀይል ነበር። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመሩት ከካናዳ የመጡ ኢየሱሳውያን የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ፈረንሳይኛ ሆኖ ሳለ ያስተማሩት በእንግሊዝኛ ነበር። (ይህ ለሰነፍ መምህር ጥሩ ተግሣጽ ነው፤ እነዚያም ሰዎች ቋንቋውን በእናታቸው ጭን ላይ አላገኙትም።) እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ሦስት መቶ የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወጣቶች መጥተው በየሁለተኛ ደረጃው ተበተኑ። እንግሊዝኛ እነዚህን ሁሉ ወደ እኛ አመጣ። የእኛን መምህር ግን በዚያው መንገድ ወደ ሌላው ዓለም ለማስኬድ ምን ተደረገለት?

የአስኮ መምህር ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ ለመሄድ ቢያስብ በመጀመሪያ የሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ችሎታ ምስክር ወረቀት ነው። የፈተናው ዋጋ በውጭ ገንዘብ የተተመነ ሲሆን ከአንድ ጀማሪ መምህር የወር ደመወዝ ይበልጣል፤ ውጤቱም ከሁለት ዓመት በኋላ ዋጋ የለውም። ዕድሉ አለ ይባላል፤ በሩ ክፍት ነው ይባላል። የቤት ኪራይ ከፍሎ፥ ለልጆቹ ደብተር ገዝቶ፥ ከተረፈው ላይ ይህን የሚከፍል መምህር የት ይገኛል? ቢከፍልስ፥ ተለማምዶ እንዲፈተን የሚያደርግ መጽሐፍና ሰዓት ማን ይሰጠዋል? ከተማችን የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ናት። ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ የሚበርረው አየር መንገዳችን ደግሞ አብራሪዎቹን በእንግሊዝኛ ይመዝናል፤ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ከ2008 ወዲህ የቋንቋው ፈተና የዓለም ሕግ ሆኗልና። እነዚህ ሁሉ ሥራዎች ለአስኮ ልጅ በታክሲ የሚደረስባቸው ናቸው። በቋንቋው በኩል ግን ከውቅያኖስ ማዶ ናቸው።

ገንዘብ ያላቸው ወላጆች ይህን ተረድተው ልጆቻቸውን ከሕፃንነታቸው ጀምረው በእንግሊዝኛ ብቻ ወደሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች ይልካሉ፤ በወላጅነታቸው አይፈረድባቸውም። ነገር ግን በአንዳንዶቹ ግቢ አማርኛ የተናገረ ልጅ እንደሚቀጣ ሰምተን ዝም ማለት አንችልም። ልጅን በእናቱ ቋንቋ ምክንያት መቅጣት እንግሊዝኛን ማስተማር ሳይሆን እናቱን እንዲንቅ ማስተማር ነው። እንዲህ ያደገው ልጅ የፈረንጅ አፍ ይኖረዋል፤ አያቱን ግን ሳያነጋግራት ያድጋል፤ ደብዳቤም በአማርኛ መጻፍ አይችልም። በመንግሥት ትምህርት ቤት ያለው ወንድሙ ደግሞ በተቃራኒው እንግሊዝኛውን ሳያገኘው ይቀራል። በአንድ መንገድ ዳር የሚኖሩ ሁለት ልጆች፥ አንዱ አንዱን ቋንቋ፥ ሌላው ሌላውን ይዞ፥ ከሃያ ዓመት በኋላ በአንድ ቢሮ ሲገናኙ የትኛው ሹም የትኛው ተላላኪ እንደሚሆን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በዚህ ረገድ የሚያስደንቀኝ፥ ባዕድ ቋንቋን እንዴት ማስተማር እንደሚቻል ከማንም ሕዝብ የበለጠ የምናውቅ ሕዝብ ሆነን ሳለ መዘንጋታችን ነው። ግዕዝ የማንም አፍ መፍቻ ካልሆነ ብዙ መቶ ዓመት አልፎታል። ሆኖም የጎጃም ወይም የወሎ የገበሬ ልጅ ቅኔ ቤት ገብቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዚያ ቋንቋ ያስባል፥ ይቀኛል፥ ይሟገታል። በምን ዘዴ? ግሡን ይወርዳል፤ አገባቡን ይማራል፤ ከዚያም ሳይውል ሳያድር የራሱን እንዲፈጥር ይገደዳል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ይሰጠዋል። ቀን ብቻውን ተቀምጦ ይቈጥራል፤ ሲመሽ በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም በቃሉ ያርመዋል፤ ያ ቃል እዚህ አይገባም፥ ይህ ምሥጢር አልተሟላም ይለዋል። በማግስቱ ሌላ ይቈጥራል። ማንም ተማሪ የሌላውን ቅኔ ደግሞ ቢያቀርብ ይዋረዳል እንጂ አይመሰገንም። መምህሩም ራሱ በተማሪዎቹ ፊት ይዘርፋል፤ ተማሪው ቋንቋው በሕያው ሰው አፍ ሲፈስ ይሰማል።

ይህን ከዛሬው የእንግሊዝኛ ክፍል ጋር ያስተያዩት። መምህሩ ከመጽሐፉ ላይ ወደ ጥቁር ሰሌዳ ይገለብጣል፤ ተማሪው ከጥቁር ሰሌዳው ወደ ደብተሩ ይገለብጣል፤ በፈተና ቀን ከአራቱ ፊደላት አንዱን ያከብባል። ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ የራሱ የሆነ አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይጽፍ፥ ቢጽፍም ሳይታረምለት፥ የሚያልፍ ተማሪ ብዙ ነው። የቅኔ ቤቱ ደቀ መዝሙር አኵፋዳውን ይዞ ቁራሽ እየለመነ ያገኘውን፥ እኛ በታተመ መጽሐፍና በኤሌክትሪክ ብርሃን አጣነው።

እዚህ የደረስነው በአንድ ጀንበር አይደለም። በ1956 ዓ.ም. ገደማ አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን፥ እንግሊዝኛ ከሰባተኛ ክፍል ወዲያ እንዲረከበው ተደርጎ ነበር፤ ያን ጊዜ በሁለተኛ ደረጃ የሚረከቡት መምህራን አብዛኞቹ ቋንቋውን አሳምረው የሚያውቁ ነበሩ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር አደረገ፤ ይህ መልካም ነው፤ የሚነቅፈው ሰው ሕፃን አስተምሮ የማያውቅ ነው። ያው ፖሊሲ ግን እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጥ አለ። በታችኞቹ ክፍሎች ሁሉን ትምህርት የሚያስተምር አንድ መምህር ነበርና፥ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሠልጥኖ የወጣው መምህር በአንድ ቀን የእንግሊዝኛ መምህርም ሆነ። ማንም አልጠየቀውም፤ ትችላለህን? ያላቸው የለም። ልጁ በሰባት ዓመቱ፥ ጆሮው እንደ ሰም በሚቀበልበት ዕድሜ፥ የተሳሳተውን ድምፅና የተሳሳተውን ዐረፍተ ነገር ተቀበለ፤ የተቀበለውንም ለማስጣል ከኋላ የሚመጡት መምህራን ሲደክሙ ይኖራሉ።

ከዚያ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ መጣ። በየሁለተኛ ደረጃ ክፍሉ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ከሳተላይት የሚወርድ የማይታወቅ ሰው በእንግሊዝኛ ፊዚክስና ሒሳብ ያስተምር ጀመር። ንግግሩ ፈጣን ነው፤ አይጠየቅም፤ አይጠብቅም፤ ተማሪው አልገባኝም ቢለው አይሰማም። የክፍሉ መምህር ደግሞ በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ፥ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ተሰጠው፤ በመካከል በገዛ ክፍሉ ቆሞ ተመልካች ሆነ። መብራት በጠፋ ቀን ትምህርቱም አብሮ ጠፋ። ለዚያ ሁሉ መስኮት የወጣው ገንዘብ ለመምህራኑ የክረምት የቋንቋ ሥልጠና ውሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ምን እናይ ነበር? የመምህራን እንግሊዝኛ ማሻሻያ የተባለ መርሐ ግብርም በዚያው ዘመን ተጀምሮ ነበር፤ በአሳብ ደረጃ ከሁሉ የሚሻለው እርሱ ነበር፤ ነገር ግን ከጥቂት ሳምንት ሥልጠና በኋላ መምህሩ ወደ ክፍሉ ሲመለስ የሚያነብበው መጽሐፍም፥ የሚያነጋግረው ሰውም አላገኘም። ቋንቋ እንደ እሳት ነው፤ እንጨት ካልተጨመረበት አመድ ይሆናል።

በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከመቶ ኀምሳና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2። ጥፋቱ ሁሉ የእንግሊዝኛ ነው ብንል ሐሰት እንናገራለን፤ ጦርነቱም፥ በሽታውም፥ የቀድሞው ኩረጃም አለበት። ነገር ግን ፊዚክሱም፥ ባዮሎጂውም፥ ታሪኩም፥ ጂኦግራፊውም የተጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። የዐድዋን ጦርነት ታሪክ ከአያቱ አፍ የሰማ ልጅ ስለ ዐድዋ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ጥያቄው ካልገባው፥ የተፈተነው ታሪክ ነው ወይስ ቋንቋ? ዕውቀት ያለው ልጅ ዕውቀቱን የሚያወጣበት አፍ ስላጣ ብቻ አላዋቂ ተብሎ ሲመለስ የአገር ጉዳት ነው።

አንዳንድ ሰዎች «እንግዲያው ሁሉን ወደ አማርኛና ወደየብሔረሰቡ ቋንቋ እንመልሰው» ይላሉ። አሳቡ የሚያስደስት ነው። የሚመልሰው ግን ማን ነው? በዓለም ሁሉ እጅ ያለውን ዊኪፔዲያ የሚባለውን መዝገበ ዕውቀት ይመልከቱ፤ በአማርኛ 15 ሺህ ያህል ርእስ ሲኖረው በእንግሊዝኛ ከስድስት ሚሊዮን በላይ አለው። ይህን ክፍተት የሚሞላው ሁለቱንም ቋንቋ አጥልቆ የሚያውቅ ሰው እንጂ እንግሊዝኛን የተወ ሰው አይደለም። አማርኛን ለማሳደግ የሚፈልግ ሁሉ ጥሩ የእንግሊዝኛ መምህር ያስፈልገዋል። ይህ አነጋገር ለብዙዎች እንቆቅልሽ ይመስላቸው ይሆናል፤ የእነ ከበደ ሚካኤልን ሥራ ያየ ግን አይገረምበትም።

«ገንዘብ የለም፤ በአንድ ክፍል ስድሳና ሰባ ተማሪ ተቀምጦ የማንን ዐረፍተ ነገር ማን ያርማል?» የሚል መልስ እንደሚመጣ ይታወቃል። ይህን መልስ የሚሰጡት ሹማምንት ቅኔ ቤትን አላዩትም ማለት ነው። እዚያም መምህሩ ሁሉን ለብቻው አይሰማም፤ የበሰሉት ደቀ መዛሙርት ጀማሪዎቹን ያስነግራሉ፤ ለመምህሩ የሚቀርበው የተጣራው ነው። የአሥራ አንደኛው ክፍል ተማሪ የሰባተኛውን ክፍል ልጅ ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢያርም ራሱም ይማራል፤ መምህሩም ከሰባ ደብተር ዐሥሩን ቢያይ ይበቃዋል። ሰሌዳ ለማስጻፍ፥ በየዓመቱ የመጽሐፍ ልባስ ለመለወጥ፥ በትልልቅ ሆቴሎች ዐውደ ጥናት ለማድረግ ገንዘብ ተገኝቶ ለዚህ አልተገኘም ቢባል ማንም አያምንም።

በታችኞቹ ክፍሎች ሁሉን ለሚያስተምረው መምህር እንግሊዝኛውን አሸክሞ ከመተው ይልቅ፥ ቋንቋውን የሚችል አንድ መምህር በየትምህርት ቤቱ መርጦ ከክፍል ወደ ክፍል እንዲዘዋወር ማድረግ አዲስ ደመወዝ አይጠይቅም፤ የሰዓት ድልድሉን እንደገና መጻፍ ብቻ ይጠይቃል። ለመምህራኑ ደግሞ ትልቅ ሥልጠና እስኪዘጋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። በአስኮ መናኸሪያ ዙሪያ በእግር የሚገናኙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ። በየዓርቡ ከሰዓት በኋላ የእንግሊዝኛ መምህራኑ በአንዱ ትምህርት ቤት ተሰብስበው አንድ ገጽ አንብበው በዚያው ቋንቋ ይከራከሩበት፤ ከመካከላቸው የሚሻለው ይምራቸው፤ ያ ሰዓት ከማስተማሪያ ሰዓታቸው ይቈጠርላቸው። የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የሚጠየቀው አንድ ደብዳቤ፥ አንድ ክፍልና በየወሩ ጥቂት ጋዜጣና መጽሐፍ ነው። ደብዳቤው በአማርኛ ቢጻፍ ይሻላል።